የሚንጂን ቦርሳ ተሸክሜ

ባለፈው ዓመት ሥራ ስለቅ የምሠራበት የጎልፍ ክለብ ኬክ ቆርሶ፣ ካርድ አስፈርሞ ሸኘኝ። አንዱን ጉልበቴን ሐኪሞቹ ቀይረውልኛል፤ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነው። አሁን ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ልጄ ቤት ሆኜ፣ በመስኮት የጎረቤቱን ውሻ እያየሁ እውላለሁ። መቀመጥን ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

በቀደም ለይላ ልትጠይቀኝ መጣች። ለይላ ሴንት አልባንስ የምትኖር፣ ከሱዳን ስደት ጀምሮ ያልተለየችኝ ወዳጄ ናት። ምላሷ ስል ነው።

«አንቺ ከድጃ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ጎልፍ ሜዳ ላይ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?»

«አሸዋ ስደለድል።»

«ለአሸዋ ለአሸዋማ ሱዳን ምን አነሰሽ? እዚያው አትቀሪም ነበር!»

የልጅ ልጄ ሂክማ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን እየነካካች «ሺ ወዝ ኤ ካዲ ቱ» አለች፤ ካዲም ነበረች ማለቷ ነው።

«ካዲ ደሞ ምንድን ነው?» አለች ለይላ።

ካዲ ማለት የተጫዋቹን ዱላዎች በቦርሳ ተሸክሞ አብሮት የሚሄድ፣ ርቀቱን የሚነግረው፣ ነፋሱን የሚያይለት ሰው ነው። ይህን ባስረዳት «ተሸካሚ ነበርኩ አትዪም!» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ቆጨኝ። የሂክማን ደብተር ተቀብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

እዚህ አገር ስንገባ ቤት የተሰጠን ኮሊንግዉድ ፎቁ ላይ ነበር። ኤጀንሲው ያገኘልኝ ሥራ ደግሞ ከከተማው ማዶ፣ ወደ ባሕሩ ባለው አሸዋማ ሰፈር፣ የአንድ ጎልፍ ክለብ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ማጽዳት ነው። ባቡር፣ ከዚያ ባስ፣ ከዚያ በእግር። ደመወዙ ካዡዋል፣ በሠሩት ሰዓት ልክ የሚከፈል ነው፤ ታይምሺቱን፣ የሰዓት መመዝገቢያውን ወረቀት፣ ልጄ ትሞላልኛለች። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ሁለት ዓመት ፎጣ ሳጥፍ ቆየሁ። አንድ ጠዋት የሜዳው አለቃ ሮን፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ግዙፍ ሰውዬ፣ በራችን ላይ ቆሞ ይራገማል። አሸዋ የሚደለድልለት ሠራተኛ ሲክ ሊቭ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ወስዶ ቀርቶበታል። የጎልፍ ሜዳ ሣር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ባንከር የሚሉት፣ ኳስ ከገባበት ተጫዋቹን የሚያስጨንቅ የአሸዋ ጉድጓድ በየቦታው አለው።

«እኔ ልሞክር» አልኩት።

ሻሼንም ረጅም ቀሚሴንም አየና «ጫማ ስንት ቁጥር ነሽ?» አለኝ። ቦቲ አመጣልኝ። በዚያው ቀረሁ።

አሸዋ መደልደል ሲያዩት ቀላል ነው። ዝናብ ሲመታው አሸዋው ከዳገቱ እየተንሸራተተ ታች ይከማቻል፤ ከላይ ደረቁ መሬት ይገጣል። ያንን በአካፋ ወደ ላይ መመለስ ነው፣ ሬክ በሚሉት ባለጥርስ መሣሪያ ማለስለስ ነው፣ ጣት ሰክቶ ጥልቀቱን መለካት ነው። ከታች አራት ጣት፣ ከዳገቱ ሁለት ጣት። ሲያልቅ የራስን ዱካ እያጠፉ ወደ ኋላ መውጣት። ሮን ከኋላዬ መጥቶ አንዲት ዱካ ካየ ምንም አይናገርም፤ በጣቱ ያሳየኛል። ተመልሼ እገባለሁ። ከዓመታት በኋላ የትኛው ባንከር ከሥሩ ሸክላ፣ የትኛው ድንጋይ እንዳለው በሬኩ እጀታ በኩል እጄ ይነግረኝ ጀመር።

ጎልፍ ሊለማመዱ ከኮሪያ ወደ ክለባችን የሚመጡ ልጆች ነበሩ፤ የሚመጡትም በታኅሣሥና በጥር ነው። ያን ጊዜ የእነሱ አገር በረዶ ነው፤ እዚህ ፀሐይ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከአባት ጋር፣ ከእናት ጋር፣ አንዳንዶቹም ከአሠልጣኝ ጋር። ጠዋት ሬኬን ይዤ ስገባ ሜዳ ላይ አሉ፤ ስወጣም አሉ። ጓንታቸው እስኪቀደድ ይመታሉ። የክለቡ ወንዶች ቢራቸውን ይዘው እያዩዋቸው «እነዚህ ልጆች ምንድን ነው የሚበሉት?» ይባባላሉ። ነገሩን ጠይቄያለሁ። ልጆቹ ሳይወለዱ አንዲት የአገራቸው ሴት ባሕር ማዶ ተሻግራ ትልቅ ዋንጫ ስታነሣ አገር ምድሩ በቴሌቪዥን አይቷት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ስንቱ አባት ለሴት ልጁ ዱላ ገዛ አሉኝ። በእኛ አገር ሯጭ ያሸነፈ ሰሞን ልጅ ሁሉ መንገድ ለመንገድ እንደሚሮጠው መሆኑ ነው።

ሚንጂ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ባንከር ውስጥ ቆማ መቶ ኳስ ያህል መታች። ስትጨርስ ሬኩን ራሷ አንሥታ ደለደለችው፤ አሳምራ። ከዚያ እኔን አየችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። በዚያ ክለብ ስንት ዘመን ስሠራ ጎንበስ ያለልኝ ሰው የለም። ደንግጬ እኔም ጎንበስ አልኩ። እሷ መልሳ ጎንበስ፣ እኔ መልሼ ጎንበስ። ሮን በጋሪው ሲያልፍ አየንና «ምን ጠፋባችሁ?» አለን።

ሃልሞኒ ትለኝ ጀመር፤ አያቴ ማለቷ ነው። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ስብርብር ያለ ስለነበር ጥሩ ተግባባን። ምሳ ሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ስንል ኪምቺ የሚሉትን ቀይ ጎመኗን አቀረበችልኝ።

«አሳማ አለበት?»

«የለም ሃልሞኒ፣ ጎመን ነው።»

ጎረስኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ደነገጠች። «አገርሽ ናፈቀሽ?»

«ኧረ የለም፤ በርበሬው ነው።»

ቦርሳዋን የሚሸከሙላት አባቷ ነበሩ። የሚንጂ አባት እላቸዋለሁ፤ በእነሱም ዘንድ ወላጅን በልጁ ስም መጥራት ወግ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በአገራቸው አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎልፍ ተጫውተው አያውቁም፤ የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት ልጃቸውን በመከተል ነው። በአገራቸው ጎበዝ ተጫዋች ስለበዛ ወረፋው ረዘመባቸው፤ እዚህ የሚደረገውን ማጣሪያ አልፋ የፕሮ ካርድ፣ ማለት በገንዘብ የመጫወት ፈቃድ፣ ካገኘች ግን ጨዋታው እንጀራዋ ይሆናል። ለእናቷ ቃል ሰጥተዋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ትሞክራለች። ካልሆነላት ዱላውን ሰቅላ አጎቷ መድኃኒት ቤት ሥራ ትገባለች።

ማጣሪያው አንድ ወር ሲቀረው የአባትየው ወገብ ተያዘ። ዲስክ ነው ተባለ። ቦርሳው ቀርቶ የጫማቸውን ክር ማሰር አቃታቸው። ማጣሪያው የሚደረገው እኛው ሜዳ ላይ ነውና ሚንጂ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ እኔ ይዛቸው መጣች።

«ሃልሞኒ፣ አባዬ ቦርሳውን አንቺ ያዢልኝ ይላል።»

«እኔ ጎልፍ የት አውቃለሁ?»

አባትየው በቋንቋቸው አጉረመረሙ። «እኔም አላውቅም ነበር ይላል» አለች።

ሮን ፈቀደልኝና ከሥራ በኋላ የሚንጂ አባት ያስተምሩኝ ጀመር። በዕድሜዬ እንደ እሳቸው ያለ አስተማሪ አላየሁም። ቦርሳው ውስጥ አሥራ አራት ዱላ አለ፤ አንድ ቢበዛ ቅጣት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ የእያንዳንዱን ራስ በእጅ እየነኩ መቁጠር ነው፤ በዓይን አይቆጠርም። ፎጣው ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ። ጥላዬ ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ እንዳይወድቅ ሁልጊዜ ፀሐይዋን መፈለግ። ርቀት የምለካበትን እርምጃዬን ለማስተካከል ሁለት ችካል ተክለው በመካከላቸው ስንት ቀን አመላለሱኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማልችል ሲያውቁ ደግሞ ደብተር ገዝተው ሕጉን ሁሉ በሥዕል ሣሉልኝ። ክልክል የሆነው ላይ ቀይ መስመር። አንዱ ሥዕል ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ ነበረች፤ ከጃንጥላው ሥር ሌላ ሴት ኳስ ልትመታ ቆማለች። በሁለቱም ላይ ቀይ መስመር አለ። ዝናብ ቢዘንብም ተጫዋቹ ሲመታ ካዲው ጃንጥላ ይዞለት መቆም አይችልም። ገብቶኛል።

ማጣሪያው ሦስት ቀን ነው፤ በየቀኑ ኳሷን አሥራ ስምንት ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት። ትንሽ ምት የመታች ትቀድማለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ያልፋሉ። ሚንጂ ሁለቱን ቀን ደህና ሆና፣ ሦስተኛውንም ደህና ይዛ፣ አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። የሜልበርን ሰማይ እምነት የለውም። ረጅሙን ምት ስትመታ ጃንጥላውን ይዤ ራቅ አልኩ። ኳሷ ተንከባላ ተንከባላ ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ዝናቡ ባሰ። ውኃው ከልጅቷ አንገት ወደ ጀርባዋ ሲወርድ አየሁ። ተጠጋሁና ጃንጥላውን በላይዋ ያዝኩት። እሷም ሳታስብ ያቺን ስንዝር ነካ አድርጋ አስገባች።

በእኛ ዘንድ ጃንጥላ ይዘሽ አጠገብሽ የቆመውን ሰው ዝናብ ካስመታሽ ነውር ነው። የማታውቂው መንገደኛ እንኳ ቢሆን ታስጠጊዋለሽ። ግን ሰበብ አላደርገውም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። ያቺ ስንዝር ምት ሳትሆን ያለቀ ነገር መሰለችኝ፤ ስህተቴ ይኸው ነው።

ማንም አላየም። አብራን የምትጫወተዋ ልጅ በራሷ ጃንጥላ ሥር አቀርቅራ ነበር። ጨርሰን ውጤት የሚፈረምበት ጠረጴዛ ዘንድ ስንደርስ ሚንጂ እስክሪብቶውን አንሥታ ቀረች። ፊቷ ነጣ።

«ሃልሞኒ፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ፣ የመጨረሻዋን ስነካ ጃንጥላው የት ነበር?»

ራቅ ብዬ ነበር ልላት እችል ነበር። ሰው ባያይ አላህ ያያል።

«በራስሽ ላይ» አልኳት።

ለዳኛዋ ሄዳ ነገረቻት። ሁለት ምት ተጨመረባት። በአንድ ምት ወደቀች።

የሚንጂ አባት አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። ዝም አሉ። እኔን ቢዘጉኝ ሐቃቸው ነው፤ እሳቸው ግን የዘጉት ልጃቸውን ነው። አራት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም። ልጅቷ ትመታለች፣ እሳቸው ከኋላ ቆመው ያያሉ። ምሳዋን መኪናው ውስጥ ብቻዋን ስትበላ አግኝቼ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን በአንቺ ላይ?»

«ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሃልሞኒ። ስሳሳት ድምፁ ይጠፋል። ደህና ስጫወት ይመለሳል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ።» ጎመኗን በማንኪያ ታገላብጣለች፤ አትጎርስም።

ወዲያው ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔም ለሮን ሁለተኛ ቦርሳ አልነካም አልኩት።

«ጥሩ» አለኝ። «ሰባተኛው ባንከር ላይ ዱካ ትተሻል።»

በዓመቱ ተመልሰው መጡ። አባትየው ወገባቸውን በቀበቶ ታጥቀዋል፤ አሁንም ቦርሳ አይችሉም። ከአንድ የሠለጠነ ወጣት ካዲ ጋር ተነጋግረው ነበር። ሚንጂ ግን ሃልሞኒ ካልያዘች አልጫወትም ብላ ድርቅ አለች። ይህን የነገረኝ ሮን ነው። አላመንኩም። ይህቺን ልጅ አንድ ጊዜ ጥዬያታለሁ፤ ያላት ሌላ ዕድል ይህ ብቻ ነው፤ እንዴት መልሳ በእኔ እጅ ታስቀምጠዋለች?

ሄጄ ጠየቅኋት። «እኔ እኮ አስወደቅሁሽ።»

«አንቺ ስጠይቅሽ አልዋሸሽኝም። ሌላው ካዲ ይዋሸኝ አይዋሸኝ በምን አውቃለሁ?»

ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እንዲያውም ወስኜ፣ እልህ ይዞኝ ገባሁበት።

በማግሥቱ፣ ደመና የሚባል በሌለበት ቀን፣ የሚንጂ አባት ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ልምምድ ነው። ሚንጂ ከጉድጓዱ በስንዝር ላይ ኳስ ታስቀምጣለች። እኔ ጃንጥላውን እይዝላታለሁ፤ እሷ ወደ ኳሷ ስትዞር እኔ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፤ ነክታ ስታስገባ መልሼ ወደ ፊት። አባትየው ጣታቸውን ያነሣሉ፤ እንደገና። ሚንጂ «ኔ» ትላለች፤ እሺ ማለት ነው። እኔም «ኔ» እላለሁ። ከሃምሳ በኋላ መቁጠር ተውኩ። የክለቡ ሰዎች በረንዳው ላይ ተሰብስበው ይስቃሉ። አንዱ «ዝናቡ የት ቀረ?» ብሎ ጮኸ። ሮን ከጋሪው ላይ «ለአንተ ነው ያስቀመጡት!» አለው።

ሁለተኛው ማጣሪያ መጣ። እኔ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ቁጥር እነግራታለሁ፣ ፎጣ እሰጣታለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሁለት ቀን ተኩል መሐላዬን ጠበቅሁ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ግልጽ ነበር፤ በአራት ምት ከጨረሰች ታልፋለች፣ አምስት ከሆነ መድኃኒት ቤት ነው። ሁለተኛ ምቷ ነፋስ ገፋውና ባንከር ውስጥ ገባ። እንግዲህ በአንድ ምት ማውጣት፣ በአንድ ምት ማስገባት አለባት።

አባቷ ከገመዱ ወዲያ ከሰው መሀል ቆመዋል። በሠሩላት የሜዳው ካርታ ላይ ይህ ባንከር ለስላሳ ነው ብለው ጽፈዋል። ውሸት አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ለስላሳ ነው። ክረምት ላይ አዲስ አሸዋ ስንሞላው ግን አሸዋው ግማሽ ላይ አልቆብን፣ የኋላው ሁለት ጣት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሸክላ ነው። ላዩን አንድ አስመስዬ ያለበስኩት እኔው ነኝ። የሚንጂ ኳስ የተኛው ከኋላ ነው።

ሚንጂ ካርታውን አየችና ሥሩ ወፍራም የሆነውን ዱላ መዘዘች። ለለስላሳ አሸዋ የሚሆነው እሱ ነው። በደረቅ ላይ ከሆነ ግን ነጥሮ ኳሱን መሀሉን ይመታና ማዶ ይሰደዋል። ብናገርና ብሳሳት ሁለተኛ አስወደቅኋት ማለት ነው። ዝም ብል ማንም አይከሰኝም። ዝምታ እንዲህ ምቹ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ሚንጂ፣ ተይው» አልኩ። «ከሥሩ ደረቅ ነው። ሁለት ጣት ነው ያለው።»

«ካርታው ለስላሳ ነው ይላል።»

«ካርታው ከላይ ያየውን ነው የሚለው። እኔ በእጄ ነው የሞላሁት።»

አየችኝ። ወደ አባቷ አልዞረችም። ወፍራሙን መልሳ ሥሩ ቀጭን የሆነውን አወጣች። ምቷ እንደ ወትሮው ፍስስ አላለም፤ ቋ ብሎ ደረቅ ድምፅ አሰማ። ኳሷ ዝቅ ብላ ወጣች፣ አንዴ ነጠረች፣ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ላይ ቆመች። አሸዋውን ደልድዬ ስወጣ ሚንጂ ኳሷ ላይ ቆማለች። ነካቻት። ገባች።

ፊርማው እስኪያልቅ ቦርሳውን አላወረድኩም። ሚንጂ ከክፍሉ ስትወጣ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። «አለፍን፣ ሃልሞኒ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የአባትየው ድምፅ ተመለሰ፤ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ለእናቷ ስልክ ደውለው ይጮኻሉ። ሚንጂ ከከተማ ከተማ አብረሽኝ ዙሪ ብላ ለመነችኝ። ጉልበቴ ዳገት እንደማይችል እሷም ታውቃለች። የአባቷ ወገብ ደግሞ በልምምዱ ሳምንታት ተሽሎ ሐኪሙ ቦርሳ ፈቅዶላቸዋል፤ ከእንግዲህ ቦርሳው የእሳቸው ነው።

እሳቸው መጡና ሊቀበሉኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ማንገቻውን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ግን አልለቀቅኩም።

«የሚንጂ አባት፣ አንድ ነገር ልበልዎ። ስትሳሳት ዝም አይበሏት። ይቆጡ፣ ይጩኹ፣ ደስ ያለዎትን ይበሉ። ዝም ግን አይበሏት።»

ቃሌ አልገባቸውም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሚንጂ መሬት መሬት ታያለች።

«ንገሪያቸው» አልኳት።

«ሃልሞኒ፣ እኔ?»

«አንቺ።»

ቀስ ብላ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። ሳቃቸው ቆመ። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግሞ ልጃቸውን አዩ። ቦርሳው ከባድ ነው። ያም ሆኖ ማንገቻውን ይዤ ጠበቅሁ።

«ኔ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

ያን ጊዜ ለቀቅኩላቸው።